ቫኑ አይከተልም፦ ከሁለት ውሾቼ ጋር በባሕር ዳርቻ ያሳለፍኳቸው 9 ቀናት

ጉዞውን ሳቅድ ብዙ ነገር አስቤ ነበር፤ የት እንደማድር፣ ምን አብስዬ እንደምበላ፣ ውሾቹ በየትኛው ጥግ እንደሚተኙ። ያላሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ በእግሬ ሄጄ ስጨርስ የማድርበት መኪና፣ ቫኑ፣ የት ነው ያለው? ሁለት ሆነው የሚጓዙ ሰዎች አንዱ ይራመዳል፣ ሌላው መኪናውን ይነዳል፣ ማታ መንገዱ የሚያበቃበት ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ብቻውን የወጣ ሰው ግን 11 ኪሎ ሜትር ከሄደ ያንኑ 11 ኪሎ ሜትር መመለስ አለበት። ቫኑ ጠዋት የቆመበት ቦታ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ አይከተልም።

ይህን በመጀመሪያው ቀን ተማርኩት፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን ውሻዬ ቡቺ ናት። ቡቺ 10 ዓመቷ ነው። ነብሮ 3 ዓመቱ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ቢሮጥ አይደክመውም። የባሕር ዳርቻ መንገድ በካርታ ላይ ለስላሳ መስመር ይመስላል፤ በእግር ሲሄዱበት ግን ገደል ይወጣል፣ ጅረት ወዳለበት ሸለቆ ይወርዳል፣ ወዲያው ደግሞ ይወጣል። በርቀት ትንሽ የመሰለኝ ጉዞ በዳገት ብዛት ቀኑን በላው። ቫኑ ጋ ለመድረስ 2 ኪሎ ሜትር ሲቀረን ቡቺ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች። ሦስተኛው ላይ አጠገቧ ተቀምጬ መዳፏን አገላበጥኩት። በጣቶቿ መካከል ያለው ቆዳ ቀልቷል፣ ጥቃቅን አሸዋ ተለጥፎበታል፣ ጨው ደርቆ ነጭ መስመር ሠርቶበታል። አላለቀሰችም፤ እጄን ብቻ ላሰች። ማታ እግሮቿን በንጹሕ ውሃ አጥቤ በፎጣ ሳደርቅ የጉዞውን ሙሉ ዕቅድ ሰረዝኩ።

ከዚያ በኋላ የሠራልኝ ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ቦታ ሁለት ሌሊት አድራለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከቫኑ ወደ ቀኝ፣ በማግስቱ ወደ ግራ እሄዳለሁ። የምመለስበትን ነጥብ የምወስነው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው፤ ቡቺ በቀን 4 ሰዓት ከተራመደች በቂዋ ስለሆነ ልክ 2 ሰዓት ሲሞላ፣ ፊት ለፊቴ ምንም ያህል የሚያምር ነገር ቢኖር፣ እዞራለሁ። ነፋስ ካለ መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት ተጋፍጬ መሄድን እመርጣለሁ፤ በድካም ሰዓት ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ትልቅ ረዳት ነው። አውቶቡስ ባለበት አካባቢ ደግሞ፣ ውሻ የሚያሳፍር መሆኑን አስቀድሞ ጠይቆ፣ ጠዋት በአውቶቡስ ራቅ ብሎ ወርዶ ወደ ቫኑ በእግር መመለስ ከሁሉ ይሻላል። ማታ አውቶቡስ አመለጠኝ ብሎ መሯሯጥ የለም።

በጣም የፈራሁት በአራተኛው ቀን ነው። ከገደል ሥር ያለ፣ በሁለት ወገን ድንጋዩ እንደ አፍንጫ ወደ ባሕሩ የወጣበት ሰፊ አሸዋ ነበር። ስንገባ ውሃው 100 እርምጃ ያህል ርቆ ስለነበር የመጀመሪያውን አፍንጫ በደረቅ አሸዋ ዞረን አለፍን። በአሸዋው ላይ ሰው ስላልነበር ነብሮን ፈታሁት፤ ቡቺ ከጎኔ ተኛች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳይ ባሕሩ ብዙም የቀረበ አልመሰለኝም፤ ስለዚህ መጽሐፌን ገልጬ ማንበቤን ቀጠልኩ። እንደገና ቀና ስል የመጣንበት አፍንጫ ግርጌ ላይ ማዕበል እየተጋጨ ነበር።

ነብሮን ጠርቼ ማሰሪያውን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ቡቺን፣ 14 ኪሎ ግራም ናት፣ በሁለት እጄ አቀፍኳት። ውሃው ከጉልበቴ በላይ ነበር፤ ማዕበል ሲመጣ እስከ ጭኔ ይደርስና ሲመለስ ከእግሬ ሥር ያለውን አሸዋ ይዞ ይሄዳል። የቡቺ ጥፍሮች ትከሻዬ ላይ ተተክለው የልቧ ምት በክንዴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ሰላሳ እርምጃ ብትሆን ነው። እስካሁን ከተራመድኩት ሁሉ የረዘመች መንገድ እርሷ ናት። ዛሬ ሳስበው መመለስ የነበረብኝ በመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ነበር፤ ውሃው ጥቂት ከፍ ቢል ኖሮ መሻገር ሳይሆን ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥቼ የነፍስ አድን ሠራተኞችን በስልክ መጥራት ነበር ትክክለኛው ነገር።

ወደ ላይ ስንወጣ መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ እርጥብ ሱሪዬን አይተው ነገሩ ገባቸው። «ልጄ፣ ውሃውን ፊት ለፊት አትጠብቂው፤ መጀመሪያ የሚዘጋብሽ ከኋላ ነው» አሉኝ። እጃቸውን ዘርግተውም አሳዩኝ። ዝቅ ያለው ቦታ እኛ የተቀመጥንበት የአሸዋው መሐል ሳይሆን አፍንጫው ግርጌ ያለው ቦይ ነበር፤ ውሃ ደግሞ የሚገባው በዝቅታው ነው።

ያን ምሽት የባሕርን ሙላትና ጉድለት፣ ማለትም ውሃው በየቀኑ ከፍ ብሎ ወደ ዳርቻው መቅረቡንና ዝቅ ብሎ መራቁን፣ በቁም ነገር አጠናሁ። በብዙ ዳርቻዎች ከጉድለት እስከ ሙላት ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ያህል ነው፤ ባሕሩ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ በእኩል ፍጥነት አይሞላም። መርከበኞች የሚጠቀሙበት ግምት ጠቅላላውን ከፍታ በ12 ይከፍለዋል፤ በመጀመሪያው ሰዓት 1 እጅ ይገባል፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 3 3፣ በአምስተኛው 2፣ በመጨረሻው 1። እንግዲህ ከሙላቱ ግማሽ የሚሆነው የሚገባው በመካከለኞቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው። እኔ ባሕሩን አይቼ «ዝግ ያለ ነው» ብዬ የፈረድኩት በመጀመሪያዋ ሰዓት ነበር! ሰዓቱም በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፤ ምክንያቱም ሙላቱን በዋናነት የምትስበው ጨረቃ ስትሆን፣ ምድር ዞራ ከጨረቃ ጋር እንደገና ለመተያየት 24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ የፀሐይ ስበት ስለሚጨመር ሙላቱ ከወትሮው ይበልጣል፣ ጉድለቱም ይርቃል። ያን ዕለት ማታ ከባሕሩ በላይ የወጣችው ጨረቃ ሙሉ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ከገደል ሥር የምገባው ባሕሩ እየጎደለ ሳለ ነው፤ መጨረሻ ከጎደለበት ሰዓት በኋላ እዚያ አልቆይም። የሙላትና የጉድለት ሰሌዳውን በስልኬ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ገልብጬ ከመሪው አጠገብ እለጥፋለሁ፤ ገደል ሥር ኔትወርክ አይኖርም። ሰሌዳው የየትኛው ወደብ እንደሆነና በየትኛው የሰዓት አቆጣጠር እንደተጻፈ ማየትም ያስፈልጋል፤ በበጋ ሰዓታቸውን በሚያዛውሩ አገሮች የአንድ ሰዓት ስሕተት ቀላል አይደለም።

ስለ ውሾቹ ሌላ የምለው አለ። ገደል አፋፍ ላይ ነብሮን አልፈታም፤ ይህን በምንም አልለውጠውም። ውሻው ታዛዥ አይደለም ማለቴ አይደለም፤ ወፍ ከእግሩ ሥር ብድግ ስትል ዓይኑ ወፏን እንጂ የምድሩን ማለቂያ አያይም። ማሰሪያው አንገቱ ላይ ሳይሆን ደረቱን በሚይዝ፣ ጀርባው ላይ መያዣ ባለው ቀበቶ ላይ ይሁን፤ ለማንሳትም ለመሳብም ያመቻል። በመራቢያ ወቅት መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች ባሉበት አሸዋ ላይም አልፈታውም፤ የተባረረች እናት እንቁላሏን ለፀሐይና ለሌባ ወፍ ጥላ ትሄዳለች።

የባሕር ውሃ ሌላው ጣጣ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ነብሮ ኳስ ከማዕበል ውስጥ እየነጠቀ ሲያመጣ በየጊዜው ይጎነጫል፤ በሦስተኛው ቀን ማታ ሁለት ጊዜ አስመለሰ፣ ሆዱም ተበላሸ። እርሱ በቀላሉ ዳነ፤ ብዙ የጠጣ ውሻ ግን በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ከመጠን አልፎ ሊያንቀጠቅጠውና ሊጥለው ስለሚችል ጊዜ ሳይሰጡ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። አሁን ባሕር አጠገብ ስንሆን በየ15 ደቂቃው ንጹሕ ውሃ አቀርባለሁ፤ ኳሱንም የምወረውረው በአሸዋው ላይ ብቻ ነው።

ሙቀትን በተመለከተ ቫን ያለው ሰው ራሱን ያታልላል። ቤት ነው ብሎ ያስበዋል፤ ፀሐይ ላይ ሲቆም ግን የብረት ሳጥን ነው። ውጪው 21 ዲግሪ ሲሆን የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ወደ 32፣ በግማሽ ሰዓት ወደ 40 ሊጠጋ ይችላል፤ መስኮት በትንሹ መክፈት ብዙም አይለውጠውም። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። ስለዚህ ውሻ የማያስገባ ሱቅ ወይም ሙዚየም ካጋጠመኝ ትቼው አልፋለሁ። ምግብና ውሃ የምገዛው ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ቫኑን ጥላ ውስጥ አቁሜ፣ ለደቂቃዎች ብቻ ነው።

ስለ ቫኑ ብዙ አልልም። አንድ ሰውና ሁለት እርጥብ ውሾች ባደሩበት ጠባብ ክፍል ጠዋት መስታወቱ ያለቅሳል፣ ፍራሹ ሥር ውሃ ይጠራቀማል፤ መፍትሔው ብርድ ቢሆንም የጣሪያውን መተንፈሻ ክፍት ማሳደር ነው። በምድጃ ቫኑን ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፣ የተኛ ሰውም ሳያውቅ ይሞታል። ከአልጋዬ አጠገብ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ አለ፣ ባትሪውንም ከመውጣቴ በፊት እፈትሻለሁ። በአንድ ብርዳማ ንጋት ምድጃው እምቢ ያለኝ የያዝኩት ጋዝ ቡቴን ስለነበር ነው፤ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቆማል፣ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል።

ብቻዬን ስለመሆኔ ሰዎች ከሁሉ በላይ ይጠይቁኛል። ሌሊቱ የሚያስፈራ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ብቻ ነው፤ ከዚያ የነፋሱንና የጣሪያውን ድምፅ ጆሮ ይለምደዋል። ውሾቹ ካልተነሱ እኔም አልነሳም። በየቀኑ ጠዋት ለእህቴ የቆምኩበትን ቦታ፣ የምሄድበትን አቅጣጫና የምመለስበትን ሰዓት እጽፍላታለሁ። ማታ 1 ሰዓት ድረስ ካልጻፍኩላት ትደውላለች፤ ካላነሳሁ ለማን እንደምትደውል በጽሑፍ ይዛለች። በአራተኛው ቀን ማታ የሆነውን ሁሉ ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «ቡቺ ደህና ናት?» ብላ ጠየቀች።

በመጨረሻው ቀን እንዳልደርስበት ጉልበት የከለከለኝ ለመርከቦች የሚያበራ አንድ የመብራት ማማ ነበር፤ ከቫኑ በነጭ ይታያል። ለመሄድ 3 ሰዓት፣ ለመመለስ 3 ሰዓት ነው። ቡቺ በሩ ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ፣ እግሮቿን ዘርግታ ተኝታ ነበር። ሰሌዳውን አየሁ፤ ባሕሩ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ይጎድላል። ጥቂት አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ሦስታችንም ወደ አሸዋው ወርደን፣ ማማውን በስተግራ እያየን፣ እርሷ በምትችለው ልክ ሄድን።