ሆዱ ውስጥ ወይስ ቁም ሳጥን ውስጥ?

መጽሐፉ በሥዕል የተዘጋጀ፣ ለሕፃናት የቀለለ የቀይ ኮፍያዋ ልጅ ተረት ነው። ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ ያለው ኬጂያችን አሥር ቅጂ ገዛ። ለኬጂ ሁለት ልጆች በተነበበ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ተነቦ ሳያልቅ ክፍሉ ተረበሸ።

ጽሑፉ «አውሬው አያትየዋን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባት» ይላል። ሥዕሉ ላይ ቁም ሳጥን የለም። አልጋው ላይ ሆዱ እንደ እንስራ የተነፋ አውሬ ተጋድሟል።

«ሚስ፣ አያትየዋ የታሉ?» አለች ከፊት የተቀመጠች የአምስት ዓመት ልጅ።

«ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው።»

«ቁም ሳጥኑስ የታለ?»

«ከአልጋው ኋላ ይሆናል።»

«ታዲያ ሆዱ ምን ሆኖ ነው?»

«ብዙ በልቶ ነዋ።»

«ምን በልቶ?»

መልስ ጠፋ። ገጹ ሲገለጥ ደግሞ ባሰ። አዳኙ መቀስ ይዞ ቆሟል፤ ልጅቷ ትልልቅ ድንጋይ ታቅፋ ትመጣለች። ጽሑፉ ግን «አዳኙ ቁም ሳጥኑን ከፈተና ሁሉም ተቃቀፉ» ነው የሚለው። በመቀስ ቁም ሳጥን አይከፈትም። ጠያቂዋ ተነሥታ ጣቷን አውሬው ሆድ ላይ አሳረፈችና «እዚህ ናቸው! አውጧቸው!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ያስለቀሳት አውሬው አልነበረም። እሷ አያትየዋን እያየቻቸው ትልቅ ሰው «እዚያ የሉም» ማለቱ ነው።

የተረቱን የኋላ ታሪክ ለሚያውቅ ጥፋቱ ግልጽ ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ሲያሳትመው ልጅቷ ተበልታ ተረቱ እዚያው ያልቃል፤ አዳኝ የሚባል የለም። የጀርመኖቹ ግሪም ወንድማማቾች በ1812 ባወጡት ግን አዳኙ የአውሬውን ሆድ በመቀስ ቀዶ የተዋጡትን አያትየዋንና ልጅቷን በሕይወት ያወጣቸዋል፤ ከዚያ ሆዱ በድንጋይ ይሞላል። ሥዕሎቹ የተሣሉት ለዚህኛው ነው። ጽሑፉን ያቀለለው ሰው መብላቱን አወጣ፣ ሥዕሉን እንዳለ ተወው። ፊደል ላልለየ ልጅ ደግሞ መጽሐፉ ሥዕሉ ነው።

በማግስቱ ከቢሮ የመጣው ትእዛዝ «የሚያስፈራ ነገር እንዳይነበብ፣ ጽሑፉን ብቻ ተከተሉ» የሚል ነበር። ትእዛዙን የሰጠው ሰው ንባቡ ላይ አልነበረም። የሱሉልታ ልጅ ማታ ማታ ከአጥር ውጭ ጅብ ሲጮህ እየሰማ ነው የሚተኛው፤ አያ ጅቦንም ከእናቱ አፍ ሰምቶ ነው ያደገው። አደጋው ተነግሮ መዳኑም ከተነገረው እፎይ ብሎ ይተኛል። እንቅልፍ የሚነሳው ተደብቆ የቀረው ነው። ይህን በስብሰባ ላይ ብንናገርም ሰሚ አላገኘንም።

ስለዚህ ጽሑፉን ቀየርነው፤ አንድ ከሰዓት ይበቃል። መጀመሪያ ጽሑፉን ሸፍኖ ሥዕሎቹን ብቻ ለሁለት ሦስት ልጆች ማሳየትና «እዚህ ጋ ምን እየሆነ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። እነሱ ካሉት ጋር የሚጣላ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ኮፍያዋ ቀይ መሆኑ ስለሚታይ አይጻፍም፤ የሚጻፈው የማይታየው ነው፦ እናቷ የመከረቻት፣ የአውሬው ድምፅ፣ የዳቦው ሽታ። ለአንድ ገጽ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር በቂ ነው።

ከባዱ ግሱ ነው። «እናቷ የሰጠቻትን ዳቦ በቅርጫት ይዛ፣ ጫካውን አቋርጣ፣ አበባ እየቀጠፈች ስትሄድ አውሬው አገኛት» ሲባል፣ ልጁ «አገኛት» ላይ እስኪደርስ ዳቦውን ረስቶታል። ግሱ መጨረሻ ስለሚመጣ ልጁን ብዙ ማስጠበቅ አይገባም። «ዳቦውን ያዘች። ወደ ጫካው ገባች። አውሬው ቆሞ ይጠብቃታል።» ይኼ ይያዛል።

ድግግሞሹ ግን ፈጽሞ አይቆረጥም። መጽሐፉ የጆሮውን፣ የዓይኑን፣ የእጁንና የአፉን ጥያቄ አንድ አድርጎ ጨፍልቆታል፤ ልጆች አብረው የሚሉት ግን እሱን ነው። አራቱንም መለስን። «አያቴ፣ ጆሮሽ ለምን ትልቅ ሆነ?» የሚለውም «እማማ፣ ጆሮዎ ምነው እንዲህ ትልቅ ሆነ?» ተባለ፤ «በደንብ እንድሰማሽ ነው፣ ልጄ።» አንቱታው ሲገባ አውሬው በአያትየዋ ክብር እንደተሸሸገ ልጆቹ ወዲያው ገባቸው።

የአውሬው ስምም ተስተካከለ። መጽሐፉ «ቀበሮ» ነበር የሚለው። ቤታቸው በግ ያለ አንድ ልጅ «ቀበሮ ሰው አይበላም፣ ግልገል ነው የሚወስደው» አለ፤ ልክ ነው። ጅብ ይባል ያሉ ነበሩ፤ ግን የጅብ ጀርባ ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፣ የሥዕሉ እንስሳ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ጆሮው የሾለ ነው። ጅብ ብንለው ያው የቁም ሳጥኑ ጣጣ ይመለስብን ነበር። «ተኩላ» ተባለ።

አዲሱ ጽሑፍ በ24 ነጥብ ፊደል ታትሞ፣ በቃላት መሀል ሰፊ ክፍተት ተትቶ፣ ተቆርጦ ይለጠፋል። በእጅ በማርከር ከተጻፈ ቀለሙ በስሱ ወረቀት አልፎ የጀርባውን ሥዕል ያበላሻል። ፈሳሽ ኮላ ገጹን ያጨማድደዋል፤ ደረቁ ኮላ ይሻላል። ፕላስተር ደግሞ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ከጎን የተቀመጠ ልጅ ምንም አያይም። መጽሐፉ የኤ4 ግማሽ ስለሆነ ለሃያ ሰባት ልጅ በአንዴ አይነበብም፤ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ያሉት የሚያዩት ሽፋኑን ነው። ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ፣ መስኮቱ ከልጆቹ ኋላ እንዲሆን አስቀምጦ፣ መጽሐፉን በዓይናቸው ትክክል ከሥር ይዞ መግለጥ ያስፈልጋል።

በሁለተኛው ንባብ «ዋጣቸው» ሲባል ጸጥ አሉ። መቀሱ ጋ ሲደረስ ዘጠኙም «አውጣቸው!» አሉ፤ አያትየዋም ወጡ። ያቺ ልጅ አላለቀሰችም። ቁም ሳጥኑን ግን አልረሳችውም። እስካሁን ድረስ፣ አዳኙ መቀሱን ከማንሣቱ በፊት ትነሣለች፤ ጥግ ያለውን የመጫወቻ ቁም ሳጥን ከፍታ ታያለች፤ «እዚህ የሉም» ብላ ተመልሳ ትቀመጣለች። ገጹ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው።