ባለሞተር ብስክሌትና የማርሹ ነገር

ብስክሌት ላይ ሞተር የሚገጥም ሰው በብዛት የሚጠይቀኝ ስለ ሞተሩ ነው። ስንት ሲሲ ነው? ካርቡራተሩ ይቀየር? ማርሚታውስ? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ማርሹን ነው። ጉልበቱ ጎማው ጋ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ተባዝቷል? ይህ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ድካም ብቻ ነው።

80 ሲሲ እየተባለ የሚሸጠውን ትንሹን ቱ ስትሮክ ሞተር እንውሰድ። እውነተኛ ልኩ አብዛኛውን ጊዜ 66 ሲሲ ገደማ ነው። ሆዱ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ዙሩን በ4.1 ይቀንሱታል። ከዚያ ባለ 10 ጥርሷ ፒኞን (ትንሿ ባለ ጥርስ ክብ) በግራ በኩል ባለ 44 ጥርሱን የኋላ ስፕሮኬት (ካቴና የሚይዘውን ትልቁን ባለ ጥርስ ክብ) ትጎትታለች። 4.1 በ4.4 ሲባዛ 18 ነው። ሞተሩ 18 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ባለ 26 ኢንች ጎማ ከሆነ ሞተሩ በደቂቃ 5000 ዙር ሲዞር በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል።

ችግሩ ማርሹ ይኸው አንዱ ብቻ መሆኑ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ይታፈናል። ሜዳ ላይ ደግሞ ይጮኻል። የኋላውን ስፕሮኬት በባለ 36 ብትቀይረው ሜዳው ይሻላል፣ ዳገቱ ይብሳል።

ሺፍት ኪት የሚባለው ተጨማሪ መገጣጠሚያ ይህን ነው የሚፈታው። ሞተሩ ጎማውን በቀጥታ መጎተቱ ይቀራል። ጉልበቱ መጀመሪያ ወደ አንድ አጭር ዘንግ ይሄዳል፣ በዘንጉ በኩል ከግራ ወደ ቀኝ ይሻገራል፣ ከዚያ ፔዳሉ ጋ ያለውን ትልቅ ስፕሮኬት ያዞራል። ከዚያ ወዲያ ያለው የብስክሌቱ የራሱ ካቴና ነው። እግርህ የሚጠቀምበትን ማርሽ ሞተሩም ይጠቀምበታል። በጣም የምወደው ሐሳብ ነው።

የእኔ አገጣጠም እንዲህ ነው። ከሞተሩ ወደ አጭሩ ዘንግ ከ10 ወደ 17 ጥርስ፣ ቀጥሎ ከዘንጉ ወደ ፔዳሉ ከ9 ወደ 48። ከ4.1 ጋር ሲባዛ ፔዳሉ ጋ 37 ይደርሳል። ከፊት 36፣ ከኋላ 34 ጥርስ ላይ ስሆን ጠቅላላው 35 ይሆናል፤ የዚያ የባለ አንድ ማርሹ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የኋላውን ባለ 11 ስይዝ ወደ 11 ይወርዳል። በ5000 ዙር ያ በወረቀት ላይ 54 ኪሎ ሜትር ነው። ግን ነፋሱ ሞተሩን ቀድሞ ይይዘዋል። ስለዚህ ማርሽ ስትመርጥ ከታች ጀምር። ክፉውን ዳገት የሚወጣልህን አስቀድመህ ያዝ።

ፔዳሉ ዘንግ ላይ ፍሪዊል፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ፣ በሌላው ለብቻው የሚዞር ክፍል፣ የግድ ነው። ያለዚያ በ5000 ዙር ፔዳሉ በደቂቃ 134 ጊዜ ይሽከረከራል፤ እግር ይሰብራል። ሌላም ነገር አለ። የኋላው ቸርኬ በራሱ ፍሪዊል ስለሚዞር ጋዝ ስትለቅ ሞተሩ አይዝህም። ቁልቁለት ላይ ያለህ ፍሬን ብቻ ነው። ሁለቱም ጎማ ላይ ጥሩ ፍሬን ሳይኖር ይህን ሥራ ባትጀምረው ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ልፋት። ሁሉም ስፕሮኬት ከጥንዱ ጋር በአንድ መስመር መቆም አለበት። የግራው ካቴና አጭር ነው፣ ትንሽ መጣመም እንኳ አይችልም። እኔ ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱ ስፕሮኬቶች ፊት ላይ አጋድማለሁ። ብርሃን ካሾለከ ቀጭን ሮንዴላ እጨምራለሁ ወይም አወጣለሁ። ከዚያ ጎማውን በእጅ አዙሬ ጆሮዬን አቀርባለሁ። በትክክል የቆመ ካቴና ድምፁ አንድ ወጥ ነው፤ የተጣመመው በየዙሩ ጠቅ ይላል። ትንሽ ነድቼ ደግሞ የካቴናውን የውስጥ ጎን አያለሁ። በአንድ ወገን ብቻ ተፍቆ ካብለጨለጨ መስመሩ ገና ነው። መላላቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። አጥብቀህ ከወጠርከው ኩሽኔታውን ይበላዋል።

ቡሎኖቹን ደግሞ አትመናቸው። የዚህ ሞተር መንቀጥቀጥ ዳዶ ያላላል። የቡሎን ማጣበቂያ ቀብተህም ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ አንድ በአንድ አጥብቃቸው።

ማርሽ አቀያየሩ ይለመዳል። ጋዙን ለቀቅ፣ ማርሹን ጠቅ፣ ካቴናው ጥርሱ ላይ ሲቀመጥ ጋዙን ቀስ አድርጎ መመለስ። የብስክሌት ካቴና የተሠራው ለሰው እግር ነው። ሙሉ ጋዝ ላይ ከቀየርክ ጥርሱ ይሸረፋል ወይም ካቴናው ይበጠሳል። ካቴናው ካልዞረ ማርሹ አይቀየርምና ከመቆምህ በፊት ወደ ዳገቱ ማርሽ፣ ከኋላ ወደ ትልቁ ጥርስ፣ አውርደው። አለበለዚያ ስትነሳ ፍሪሲዮኑ ሲቃጠል ይሸትሃል።

አሁን የዘንጉን ባለ 9 ጥርስ ፒኞን በባለ 10 ልቀይራት እያሰብኩ ነው። ትንሿ ፒኞን ካቴናውን በጣም ስለምታጥፈው ቶሎ ይበላል። በ10 ጥርስ 35 የነበረው ወደ 32 ገደማ ይወርዳል፤ ለዳገቴ ይበቃል።