«ዛሬ እንዴት ዋሉ?»

ማድሪድ፣ ማክሰኞ ማታ

ዛሬም መልእክቱን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት።

የምንከባከባቸው ሴትዮ 87 ዓመታቸው ነው። ልጃቸው የሚኖረው ባርሴሎና ነው። ማታ ማታ እናቱ እንዴት እንደዋሉ በዋትስአፕ እጽፍለታለሁ። ብዙውን ጊዜ አይከብድም። በሉ፣ ተኙ፣ መድኃኒት ወሰዱ፣ አለቀ። ጭንቁ እንደ ዛሬ ያለ ቀን ሲመጣ ነው። ጠዋት ማንኪያውን በእጃቸው መቱትና ሽሮፑ አልጋው ላይ ፈሰሰ። ልብስ አልቀይርም አሉ። ከሰዓት በኋላ አኩርፈው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ይህን በስፓኒሽ በየትኛው ቃል ልንገረው?

መጀመሪያ ሰሞን «ሴ አ ፖርታዶ ማል» ብዬ እጽፍ ነበር። «ፖርታርሴ» የሚለውን ግሥ የለመድኩት መናፈሻ ውስጥ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን «ፖርታቴ ቢየን!» ይሏቸዋል። አትረብሽ፣ አደብ ግዛ ማለት ነው። እኔ «ዛሬ ትንሽ አስቸገሩ» ያልኩ መስሎኝ ነበር። ልጃቸውም ምንም አላለኝ። አንድ ማታ ግን መልእክቱን ከመላኬ በፊት ድምፄን አውጥቼ ሳነብ ሰሙኝ። «እኔ ሕፃን አይደለሁም» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት። እስካሁን ሳስታውሰው ሆዴን ይበላኛል።

ከዚያ ወዲያ ቃል መምረጥ ጀመርኩ። «ኮምፖርታርሴ» ትርጉሙ ተቀራራቢ ነው፣ ግን ከበድ ይላል፣ ለአዋቂም ይሆናል። እሱም ቢሆን ሰውየው እንደ ደንቡ ሆኗል ወይስ አልሆነም ብሎ ይመዝናል። ታማሚ ሰው በምን ደንብ ይመዘናል? «አክቱዋር» ደግሞ አንድን ድርጊት ለመናገር ነው፣ የመድረክ ትወናም በዚሁ ግሥ ይጠራል። «ኮንዱክታ» አለ። ይኼ የሐኪም ቃል ነው። ሐኪማቸው ስለ መርሳት በሽታ ሲያስረዱን «ካምቢዮስ ዴ ኮንዱክታ» ነበር ያሉት፣ የባህሪ ለውጥ። ክሊኒክ ስደውል እጠቀምበታለሁ። ለልጃቸው ግን አልጽፈውም። እናትን በዚህ ቃል ሲሰሟት ፋይል ውስጥ የገባች ትመስላለች።

የገላገለኝ ትንሹ ግሥ ነው፣ «ኤስታር»። ስፓኒሽ ለእኛ «ነው» ሁለት ግሥ አለው። በ«ሴር» ካልኩ «አስቸጋሪ ሰው ናቸው» ብዬ ፈረድኩ። በ«ኤስታር» ካልኩ ግን የዛሬውን ብቻ ተናገርኩ። በአማርኛ ብሆን «ክፉ ናቸው» አልልም፤ «ዛሬ ከፍቷቸው ዋሉ» ነው የምለው። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ስለ «ፖርታርሴ» ግን ገና አልጨረስኩም። አምና እናቴ ደሴ አረፈች። መሄድ አልቻልኩም። የዚያን ቀን ሴትዮዋ አእምሯቸው ጥርት ብሎ ነበር። አጠገባቸው አስቀመጡኝ፣ እጄን ይዘው እስኪመሽ ምንም ሳይሉ ተቀመጡ። ልጃቸው ደውሎ «ሳምንቱን እረፊ፣ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለኝ። በኋላ ጎረቤታችን ደረጃ ላይ አግኝታኝ «ሰዎቹ እንዴት ናቸው ካንቺ ጋር?» ስትል የጠየቀችኝ በዚያው በመናፈሻው ግሥ ነው፦ «ኬ ታል ሴ ፖርታን ኮንቲጎ?» ደነገጥኩ። ለካ «ኮን»፣ ማለትም «ጋር»፣ ሲከተለው ስለ መረበሽ አይደለም የሚያወራው። ሰው ለሰው ምን ሆነለት፣ በክፉ ቀን ምን ዋለለት ነው ጥያቄው። እኛስ «ዋለልኝ» እንል የለ? «ውለታ» የምንለው ከዚያው ከ«ዋለ» ነው የወጣው። ሁለቱን ቃላት ማታውን ደብተሬ ላይ ጎን ለጎን ጻፍኳቸው።

ዛሬ በመጨረሻ የላክሁት ይኼን ነው፦ «ኦይ አ ኤስታዶ ኔርቪዮሳ።» ዛሬ ተረብሸው ዋሉ። ሽሮፑ መፍሰሱንም ጨመርኩበት፣ ማወቅ አለበት።

መብራቱን ላጠፋ ስል ሴትዮዋ ጠሩኝ። እጄን ያዝ አደረጉና «ሜ ኤ ፖርታዶ ማል?» አሉኝ። ዛሬ አስቸገርኩሽ? ያ ያስከፋቸው ቃል፣ በራሳቸው አፍ።

«ኡስቴድ» አልኳቸው፤ እዚህ ሌሎቹ «አንቺ» ቢሏቸውም እኔ ከአንቱታ በቀር አይወጣልኝም። «ኡስቴድ ኮንሚጎ ሴ ፖርታ ሙይ ቢየን።» እርስዎ ለእኔ ሁሌም ጥሩ ነዎት።

እጄን ሳይለቁ እንቅልፍ ወሰዳቸው።