የደረሰኙ ጀርባ

ትናንት መኪናዬን ሳጸዳ ከፊት ኪሱ ውስጥ አንድ ያረጀ የቤንዚን ደረሰኝ አገኘሁ፣ ጀርባው በሙሉ ጭረት ነው፣ ግራና ቀኝ፣ በየአምስቱ የታሰረ። በፈረንጆቹ 2016 ላይ የጻፍኩት መሆኑ ትዝ አለኝ። ያኔ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ስመላለስ ሰው ደጁ ላይ የሚተክለውን የምርጫ ታፔላ እቆጥር ነበር፤ ሂላሪ 41፣ ትራምፕ 6። በቃ አለቀ አልኩ። ትራክ የሚነዳ ጓደኛዬ "አንተ የቆጠርከው ሰፈርህን ነው፣ እኔ ፔንሲልቬኒያ ገጠሩ ውስጥ የማየውን ብታይ እንዲህ አታወራም" ቢለኝ ሳቅኩበት፣ ክትፎ ተወራረድን። የሚያናድደው ደግሞ ቨርጂኒያን ሂላሪ አሸንፋለች፣ ጭረቶቹ ምንም አላጠፉም። ትራምፕን ያስመረጡትን ፔንሲልቬኒያን፣ ሚቺጋንን፣ ዊስኮንሲንን በአንድ ደረሰኝ ልሸፍን የሞከርኩት እኔ ነኝ።

ግን እኮ ከኔ የባሰም አለ። 2012 ታክሲ ስሠራ እሁድ ማታ አንድ ተሳፋሪ ከኳስ ሲመለስ ጫንኩ፣ የዋሽንግተኑ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሬድስኪንስ በካሮላይና 21 ለ 13 ተሸንፎ ሰውየው አኩርፏል። እና በቃ ኦባማ ማክሰኞ ይወርዳል አለኝ። እንዴት ስለው፣ ከ1940 ጀምሮ ቡድኑ ከምርጫው በፊት ሜዳው ላይ የሚያደርገውን የመጨረሻ ጨዋታ ከተሸነፈ ዋይት ሀውስ ያለው ፓርቲ ይወድቃል፣ እስከ 2000 ስቶ አያውቅም አለ። 2004 ላይ ቡሽ እያለ መሳቱን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ግን "አንዴ ነው" ብሎ አለፈው። ማክሰኞ ኦባማ አሸነፈ።

በዛው ሰሞን ሰቨን ኢለቨን የሚባለው ሱቅ ለሪፐብሊካን ቀይ፣ ለዴሞክራት ሰማያዊ የቡና ኩባያ አቅርቦ በሽያጩ ይተነብይ ነበር። እኔ ሰማያዊውን ያነሳሁት ለእጄ ስለቀረበ ነው፣ እንደ ድምፅ ተቆጠረልኝ ማለት ነው።

ይሄ ቆጠራ ግን አሜሪካ መጥቼ የለመድኩት አይደለም። በኛ 1997 ምርጫው ሊደርስ ሲል ሚያዝያ 29 ቅዳሜ ገዢው ኢህአዴግ መስቀል አደባባይን ሞላው፣ በማግስቱ እሁድ ደግሞ ተቃዋሚው ቅንጅት። ሰፈራችን ያለ ሰው ሁሉ የሰው ብዛት ገማች ሆነ፣ እስከ ስታዲየም ደርሷል፣ የለም አልፏል፣ ቡና ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። አንድ ጓደኛዬ ቅዳሜ የኢህአዴግ ምልክት የሆነችው ንብ ያለችበት ቲሸርት ለብሶ ሄዶ እሁድ ያንኑ ቲሸርት ገልብጦ ለብሶ የቅንጅትን ምልክት፣ ሁለት ጣቱን፣ እያውለበለበ አገኘሁት። ይሄ ልጅ በየትኛው ቀን ይቆጠር? እኔ ግን እሁድን ብቻ አይቼ ደመደምኩ፣ አዲስ አበባ ላይም ልክ ሆነ፣ ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰደ። አጎቴ ከዛ በፊት "ገጠሩን ማን አየው?" እያለ ሲያበርደን "እሳቸው ደሞ ፈሪ ናቸው" እንል ነበር። ከዛ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ እሱን ለመጻፍ አቅም የለኝም።

የ2016ቱን ክትፎ በወሩ ከፈልኩ፣ ባለትራኩ ጓደኛዬ ጨክኖ ስፔሻል ነው ያዘዘው። ደረሰኙን ለባለቤቴ አሳየኋት፣ ጭረቱን ዞር ብላም አላየችው። ገልብጣ "ውይ፣ ቤንዚን እንዲህ ርካሽ ነበር?" አለች።