ራሜስዋራም፦ ከባሕሩ እስከ 22ኛው ጉድጓድ

ራሜስዋራም በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ ፓምባን ደሴት ላይ ያለች የሂንዱዎች ቅድስት ከተማ ናት። የሄድኩት ከማዱራይ በአውቶቡስ ነው። 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አራት ሰዓት ያዙለት። ወደ ደሴቱ የሚያሻግረው የመጀመሪያው የባቡር ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1914 ቢከፈትም ለመኪና የሚሆን ድልድይ የተገኘው በ1988 ነው።

ተሳላሚዎች የሚፈጽሙት የመታጠብ ሥርዓት ቅደም ተከተል አለው፤ ያን ሳያውቁ መሄድ ቀኑን ሙሉ ያንከራትታል። መጀመሪያ ከራማናታስዋሚ ቤተ መቅደስ በስተምሥራቅ፣ አግኒ ቲርታም በሚሉት ባሕር ገብቶ መነከር ነው። ቀጥሎ ከነእርጥብ ልብስ ወደ ግቢው ገብቶ 22ቱን የውኃ ጉድጓዶች መዞር። ቲርታም ይሏቸዋል፣ እኛ ጠበል እንደምንለው። በየጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመ ሰው በገመድ የታሰረ ባልዲ ቁልቁል ይለቅና ስቦ አውጥቶ አናት ላይ ይደፋል። አንዱ ባልዲ ለብዙ ሰው ስለሚከፋፈል ኋላ የቆመ ፍንጣሪ ብቻ ይደርሰዋል፤ ጠጋ በሉ። የድንጋዩ ወለል ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው፣ ጫማ ደግሞ የለም። አዳልጦት የሚወድቀው ወደሚቀጥለው ጉድጓድ የሚጣደፈው ነው። ነጭ ስስ ልብስ ሲርስ ሰውነት ያሳያል፣ ጂንስ ይከብዳል፤ ጠቆር ያለ ቀለል ያለ ጥጥ የተሻለ ነው። ቲኬቱን ራሳችሁ ከመስኮቱ ቁረጡ፤ በር ላይ «ቶሎ አስገባችኋለሁ» የሚሉ ደላሎች ብዙ እጥፍ ይጠይቃሉ።

በእርጥብ ልብስ ወደ መቅደሱ መቅረብ አይፈቀድም። ስለዚህ ደረቅ ቅያሪ በፌስታል ቋጥራችሁ፣ ከመካከላችሁ የማይታጠብ አንድ ሰው ይያዝላችሁ። ስልክ ክልክል ስለሆነ ማረፊያችሁ ትታችሁት ሂዱ። ሂንዱ ያልሆነ ወደ ውስጠኛው መቅደስ አይገባም፤ ከ1,200 በላይ ዓምዶች የተደረደሩበትን ረጅም መተላለፊያ ግን ተረጋግቶ ማየት ይችላል። እኔ ከሁሉም የማስበልጠው እሱን ነው፤ ዓምዶቹ ወደ ጫፉ እየጠበቡ ሲሄዱ ዓይን መጨረሻውን ያጣዋል። ለምእመናኑ ከክሪስታል ድንጋይ የተሠራው ሊንጋም (የሺቫ አምላክ ምልክት) የሚታየው ጎህ ሳይቀድ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ እሱ ከባሕሩ ይቀድማል።

ከሰዓት በኋላ ለዳኑሽኮዲ ይሁን። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1964 አውሎ ነፋስ ጠራርጎ ያጠፋት ከተማ ናት፤ የቤተ ክርስቲያኗ ፍርስራሽ አሁንም ቆሟል። ከፍርስራሹ አልፎ ባሕሩ በግራም በቀኝም ይታያል፤ ውኃው ስለሚስብ አትዋኙ። ጥላ የለም፣ የሚጠጣ ውኃ ያዙ። ከመሸ መንገዱ ስለሚዘጋ ከባጃጁ ሾፌር ጋር የመመለሻውን ሰዓትና ዋጋ ሳትነሱ ተስማሙ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ዝናብ ነው፤ እኔ ብሆን ጥርን እመርጣለሁ።