ጀልባው ውስጥ የተኛው ማን ነው?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

የዘንድሮ መልእክቴን የጀመርኩት ስለ ልደት አንድም ነገር ከማይነግረን ወንጌል ነው። ማርቆስ ላይ በረት የለም፤ እረኞች የሉም፤ ሰብአ ሰገልም የሉም። ኢየሱስን የምናገኘው ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ሊጠመቅ ወደ ዮርዳኖስ ሲመጣ ነው። ለገና የሚሆን መጽሐፍ አይመስልም አይደል? ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የሚሄደው፦ ይህ ሰው ማን ነው? ለእኛ ለአንባቢዎቹ መልሱን ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ ይነግረናል። ታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን መከራቸውን ያያሉ።

ምዕራፍ 4ን እንውሰድ። ኢየሱስ ቀኑን ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሲያስተምር ውሏል። ሲመሽ «ወደ ማዶ እንሻገር» አለ። መንገድ ላይ ዐውሎ ነፋስ ተነሣ፤ ማዕበሉ ጀልባዋ ውስጥ እየገባ ይሞላት ጀመር። እርሱ ከኋላ በኩል ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ይቺ ትራስ ሁሌም ትገርመኛለች። ይህን ታሪክ ማቴዎስና ሉቃስም ጽፈውታል፤ ትራሷን ያነሣት ግን ማርቆስ ብቻ ነው። የምር የደከመው ሰው እንቅልፍ ነው እንግዲህ። ማዕበሉም፣ ጩኸቱም አልቀሰቀሰውም።

ደቀ መዛሙርቱ ቀሰቀሱት። «ስንጠፋ አይገድህምን?» አሉት። ቁጣ አለበት። ከመካከላቸው ዓሣ አጥማጆች እንዳሉ አትርሱ፤ ያንን ባሕር አብጠርጥረው ያውቁታል። እነሱ አለቀልን ካሉ አልቋል ማለት ነው። ተነሣ፣ ነፋሱን ገሠጸው፣ ባሕሩን ዝም በል አለው። ፀጥ አለ።

እፎይ ይላሉ ብላችሁ ስትጠብቁ፣ ጭራሽ ያን ጊዜ ነው እጅግ የፈሩት። «እንግዲህ ነፋስም ባሕርም የሚታዘዙለት ይህ ማን ነው?» ተባባሉ። ፍርሃታቸው አይገርምም። መዝሙረ ዳዊትን እየሰሙ ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ የባሕርን ሞገድ ፀጥ የሚያሰኘው እግዚአብሔር እንደሆነ ያውቃሉ። አሁን ያንን ያደረገው ከደቂቃዎች በፊት በድካም እንቅልፍ የወሰደው፣ አጠገባቸው የቆመው ሰው ነው።

እኔ ስለ ኢየሱስ ሳስብ ከዚህች ጀልባ መውጣት አልችልም። የተኛው አንድ፣ ባሕሩን ያዘዘው ሌላ አይደለም። ያው አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ጳጳሳትም የተጨነቁት በዚሁ ጉዳይ ነበር። የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ወልድን ታላቅ አድርጎ ይናገር ነበር፤ ግን ፍጡር ነው ይል ነበር። ጉባኤው ደግሞ ወልድ የተወለደ እንጂ የተፈጠረ አይደለም፣ ከአብ ጋር በባሕርይ የተካከለ ነው አለ። እንዲህ ዓይነቱ ክርክር ብዙ ሰው እንደሚያንቀላፋበት አውቃለሁ። ግን እስቲ አስቡት። አርዮስ ልክ ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔር ራሱ ወደ እኛ አልመጣም ማለት ነው። ሌላ ላከ። መስቀሉንም ያ ሌላው ተሸከመው። እንዲህ ከሆነ በዓሉ ምን ይቀረዋል?

ትክክለኛውን ስም መጥራት ግን ማወቅ አይደለም። ማርቆስ ላይ፣ በጥምቀቱ ጊዜ ከሰማይ ከመጣው ድምፅ ቀጥሎ ኢየሱስን በትክክል የጠራው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በቅፍርናሆም ምኩራብ የጮኸው ርኩስ መንፈስ ነው። «የእግዚአብሔር ቅዱስ» አለው። ልክ ነው፤ ግን ምን ጠቀመው?

ጴጥሮስም አለ። በቂሣርያ ፊልጶስ መንገድ ላይ «አንተ ክርስቶስ ነህ» አለ። ወዲያው ኢየሱስ መከራ መቀበልና መሞት እንዳለበት ሲናገር፣ ይኸው ጴጥሮስ ለብቻው ወስዶ ይገሥጸው ጀመር። መምህሩን! «ወደ ኋላዬ ሂድ፥ አንተ ሰይጣን» የሚለውን የሰማው ያኔ ነው። ማርቆስ ከዚህ በፊት ያስቀመጠው ታሪክ ደግሞ በአጋጣሚ የገባ አይመስለኝም። የቤተ ሳይዳው ዓይነ ስውር መጀመሪያ ሲዳሰስ ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ነው የታዩት፤ አጥርቶ ያየው ሁለተኛ ከተዳሰሰ በኋላ ነው። ጴጥሮስም ግማሹን አይቷል። ክርስቶስነቱን ተቀብሏል፣ መስቀሉን ግን አልፈለገም።

ደግሞ በጴጥሮስ ለመፍረድ አልቸኩልም። በረቱን የምንወደው እኛም በከፊል በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ሕፃን አይገሥጽም። ያለህን ሽጥና ተከተለኝ አይልም። ጠላትህን ውደድ ብሎ ቀኑን አያበላሽብንም። አቅፈነው፣ ዘምረንለት ወደ ጉዳያችን መሄድ እንችላለን። ያ ሕፃን ግን አድጓል። ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቷል።

ማርቆስ ላይ «የእግዚአብሔር ልጅ» ብሎ በእምነት የመሰከረ የመጀመሪያው ሰው ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ አይደለም። እነሱ ያን ጊዜ ሸሽተዋል። የሮማ ወታደሮች መቶ አለቃ ነው፤ የስቅላቱ ኃላፊ። ተአምር ሲሠራ አይቶ አይደለም። እንዴት እንደሞተ ከፊት ለፊቱ ቆሞ አይቶ ነው፣ «ይህ ሰው በእውነት የእግዚአብሔር ልጅ ነበረ» ያለው።

የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። በበዓሉ ሰሞን ጊዜ ካገኛችሁ ከነቤተሰባችሁ አንብቡት። የት ቦታ ላይ እንደቆማችሁም ጻፉልኝ፤ ጀልባው ላይ የሚቆም ካለ ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው።

መልካም የልደት በዓል!