የቆቦን ሜዳ ታሪክ ከጎርፉ ጀምሬ እንዴት ጻፍኩት

የራያ ቆቦ ልጅ ነኝ። የአካባቢያችንን ታሪክ ለመጻፍ ስነሳ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ውሃ ነው። ጎርፉ ከየት ይመጣል? ማን ይጠልፈዋል? ማን ቀድሞ ያጠጣል? ስለ ሹማምንት የተጻፈ አይጠፋም። የጠለፋውን፣ ማለትም ጎርፉን ወደ ማሳ የመመለሱን ነገር ግን በደንብ የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ሳያልፉ ልደርስባቸው ፈለግኩ።

በምዕራብ የግዳን ደጋ አለ። በምሥራቅ የዞብል ተራራ ቆሟል፤ ከሱ ወዲያ አፋር ነው። ሜዳው መሃል ላይ ተዘርግቷል። ክረምት ደጋው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ ለም አፈር ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ሜዳው ላይ ዝናብ ቢያጥርም፣ ደጋው ከዘነበ ገበሬው ተስፋ አለው። ውሃውን በድንጋይ፣ በአፈርና በቅርንጫፍ ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ያስገባል። ጎርፉ ሲበረታ ጠለፋውን ጠራርጎት ይሄዳል፤ እንደገና ይሠራል። ይህ ለአንድ ሰው የሚቻል ሥራ አይደለም። ለዚህ ነው የውሃ አባት የሚመረጠው። ተራ የሚያወጣው እሱ ነው፤ ለቦይ ጠረጋ ያልወጣውንም ይቀጣል።

አብዛኛውን ነገር የሰማሁት እየሄድኩ ነው። ቤት ተቀምጠው «ተረስቷል ልጄ» ያሉኝ አባት፣ ቦዩን ተከትለን ጠለፋው ጋ ስንደርስ ወሬያቸው አላልቅ አለ። ማን ከማን በውሃ እንደተጣላ፣ በማን ሽምግልና እንደታረቁ፣ የትኛው ማሳ ደለል እንደጠቀመው።

ዓመተ ምሕረት መጠየቅ አያዋጣም። እኔ የምለው «አብዬ፣ ይህ ቦይ ሲቆፈር ንጉሡ ነበሩ ወይስ ደርግ ገብቷል?» ነው። የ1928ቱን የማይጨው ጦርነት፣ የ1966ቱን ረሃብ፣ የ1967ቱን የመሬት አዋጅ፣ የ77ቱን ድርቅ፣ የ1989ኙን የመሬት ሽግሽግ እንደ ችካል ተከልኩ። የቀረውን መሃል መሃላቸው አስገባሁ። ቀኑ በትክክል ባይገኝም ቅደም ተከተሉ ይያዛል፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነበር።

እናቶችን ለብቻ ጠይቋቸው። ወንዶቹ ባሉበት ብዙ አይናገሩም። ቡናው ተፈልቶ «ጀባ» ሲባል ግን የእህል ዘሩ ታሪክ ይመጣል። ደጋሊት ለመድረስ ወራት የሚፈጅ ማሽላ ነው፤ በበልግ ዝናብ በሚያዝያ ገደማ ይዘራል። በልጉ እየከዳ ሲሄድ ብዙ ሰው ወደ ጤፍና ቶሎ ወደሚደርስ ማሽላ ዞረ። ይህንን ወንዶቹም ነግረውኛል። የደጋሊት እንጀራ ጣዕሙ ምን እንደነበር፣ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እንዴት እንደሚበቃ የነገሩኝ ግን እናቶች ናቸው። እኔ ይህንን ከጦርነቶቹ እኩል ቦታ ሰጥቼዋለሁ።

ሁለት ሰዎች አንዱን የውሃ ጠብ ለየቅል ሲተርኩት ሁለቱንም ጻፍኩ። ላስታርቃቸው አልሞከርኩም። ዛሬም ያልበረደ ጠብ ከሆነ ግን ስም አላወጣሁም። የላይኛውና የታችኛው ማሳ ባለቤቶች ነገም አንድ ቦይ ይጠርጋሉ፤ የእኔ ጽሑፍ ለክስ እንዲሆን አልፈልግም።

አሁን የከርሰ ምድር ውሃ መስኖ ገብቷል። ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረታል፤ ደስ ይላል። የጠለፋው ሥርዓት ግን ሳይጻፍ እንዳይቀር ቶሎ መቅዳት ያስፈልጋል።

ጽሑፉ ሳይታተም ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እንዲህ ያለ ሥራ ለምትጀምሩ ሁሉ ይህንን አትዝለሉ እላለሁ። ከዚያ በፊት ማንም ያልጠቀሰልኝ የቦይ ስም የወጣው በዚያን ቀን ነው።